ምራት ያላጠበችው እግር

መሪጌታ ሣህለ ማርያም ቢቸና ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ቅኔ ሲያስተምሩ ጉባኤ አስታጉለው አያውቁም ነበር። ሚስታቸው የተቀበሩ ዕለት እንኳ ከቀብር መልስ የተማሪ ቅኔ ሰምተው አርመዋል እየተባለ ይወራል። ከወንበራቸው ያስነሳቻቸው በቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ሥር የወጣች፣ ሽምብራ የምታህል ቁስል ናት። ጫማቸው ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስትፈጫቸው ውላ አልተሰማቸውም። ስኳር በሽታ እንዲህ ነው፤ እግር ባለቤቱ ሳያውቅ ይቆስላል።

ልጃቸው ሰገነት ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አላመጣችም። በዚያ ዓመት ከክፍሏ ያለፈው አንድ ልጅ ብቻ ስለነበር መውደቁ አላሳፈራትም። የከበዳት ከዚያ በኋላ የመጣው መቀመጥ ነው። እናት የለችም፤ ታላቅ ወንድሟ የኔሰው አግብቶ ጉንደ ወይን እህል ይነግዳል፤ ቤቱ የእሷና የአባቷ ብቻ ነው። ጠዋት ተነስታ የምትሠራውን ታውቃለች፣ ማታም የሠራችውን ታውቃለች፣ በመሃሉ ግን አንድ ቀን ከሌላው አይለይም።

ቁስሉን ማጠብ የጀመረችው ወዳ አይደለም። ጤና ጣቢያው ከቤታቸው በላይ ዳገት ላይ ነው፤ መሪጌታ በየሁለት ቀኑ ያን ዳገት መውጣት አቃታቸው። መንገድ በሚዘጋበትና ተኩስ በሚሰማበት ሰሞን ደግሞ ደህና ሰውም አይወጣውም። ስለዚህ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ወይንእሸት ሰገነትን አጠገቧ አስቀምጣ አሳየቻት። ጓንት እንዴት እንደሚጠለቅ፣ ጎዙ፣ ያ ስሱ የቁስል ጨርቅ፣ ከመሃል ወደ ዳር እንዴት እንደሚጠርግ፣ የሞተው ሥጋ ከደህናው እንዴት እንደሚለይ። ማሽተትንም ጭምር።

"ቁስል ከዓይን በፊት የሚናገረው ለአፍንጫ ነው" አለቻት።

ቁስሉ መጀመሪያ ሰፋ፣ ከዚያ ቆመ፣ በአራተኛው ወር መጥበብ ጀመረ። መሪጌታ በከዘራ ወደ ጉባኤያቸው ተመለሱ። ሲስተር ወይንእሸት ፋሻውን ፈትታ ረዘም ላለ ጊዜ ካየች በኋላ ሰገነትን ወደ ውጭ ጠራቻት።

"ይኼ የኔ ሥራ አይደለም፣ ያንቺ ነው። ለምን ነርስነት አትማሪም?"

"ውጤቴን ታውቂው የለ።"

"ዩኒቨርሲቲ አላልኩም። የግል ኮሌጅ፣ ደረጃ አራት። ሞጣ ላይ ሁለት አሉ። ግን ሰምተሽ አትመዝገቢ፣ አይተሽ ተመዝገቢ። ፈቃዱ ለነርሲንግ ነው ወይስ ለሌላ ትምህርት ብለሽ ጠይቂ። ተማሪዎቹ የሚለማመዱት የት ሆስፒታል እንደሆነ ጠይቂ። ካስመረቋቸው ውስጥ ስንቱ ሲኦሲ እንዳለፈም ጠይቂ። ያንን የብቃት ፈተና ያላለፈ ሰው ዲፕሎማውን አንጠልጥሎ ነው የሚቀረው፤ ማንም አይቀጥረውም።"

ሰገነት ነገሩን ለአባቷ እስክትነግር ሳምንት ፈጀባት። መሪጌታ ሰምተው መለሱላት።

"እኔ ቅኔ ፍለጋ ከቤት ስወጣ አባቴን አላስፈቀድኩም፤ በሌሊት ጠፍቼ ነው የሄድኩት። አንቺ አስፈቅደሻል፤ ትበልጭኛለሽ" አሉ። "ሞጣ እኅቴ አለች። ሂጂና እይው።"

የኔሰው ግን በስልክ ሲሰማ አልወደደውም። "በሽተኛ ቤትሽ ተኝቶ በሽተኛ ፍለጋ ሞጣ ትሄጃለሽ?" አላት።  ያ ነገር ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰገነት ጆሮ አልወጣም።

*

አክስቷ ወይዘሮ ዘርፈሽ ሞጣ ከመናኸሪያው በስተጀርባ ቅመም ይሸጣሉ። ባላቸውን ቀብረው፣ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን ስለሚኖሩ ሰገነት እሳቸው ዘንድ ሆና ትማራለች መባሉን ከሁሉ በላይ የወደዱት እሳቸው ናቸው። ኮሌጁንም መርጠው ጠበቋት።

"ይቺ ፎቁ ላይ ያለችው ናት የምትሻልሽ። በእግር አምስት ደቂቃ። የጎረቤቴ ልጅ ስርጉትም ከዚያ ነው የተመረቀች፤ ክሊኒክ ትሠራለች አሁን።"

ፎቁ ላይ ያለው ኮሌጅ ከቀለምና ከሴራሚክ መሸጫ በላይ፣ ሦስተኛው ደርብ ላይ ነበር። ሬጅስትራሩ ዘመነ የሚባል፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ፊቱ የማይጨማደድ ሰው ነው። ወንበር ሳበላት፣ ውሃ ቀዳላት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀቷን በአንድ ዓይኑ አየና መለሰላት።

"ሲስተር ሰገነት ብለን እንመዝግብሽ?" አለ እየሳቀ።

ሰገነት ሲስተር ስትባል የመጀመሪያዋ ነው። ደስ እንዳላት ኋላ ሳትደብቅ ትናገራለች። ሰኞ ትምህርት መጀመር ትችያለሽ ተባለች። ፈተና የለም፣ ቃለ መጠይቅ የለም። የልምምድ ክፍል ብሎ አንድ ጠባብ ክፍል ከፈተላት፤ አልጋ ላይ አንድ የፕላስቲክ ሰው ከነመጣበት ላስቲክ ተኝቷል።

"ፈቃዳችሁ ለነርሲንግ ነው?" አለችው።

"እሱ በሂደት ላይ ነው" አለ ዘመነ። "አንቺ ስትመረቂ ያልቃል።"

"ልምምዱስ የት ሆስፒታል ነው?"

"ከብዙ ተቋም ጋር እየተነጋገርን ነው።"

ሦስተኛውን ሳትጠይቅ ደረጃውን ወረደች። ልቧ ግን አልወረደም። ሰኞ መጀመር፣ አክስቷ ቤት መኖር፣ በሁለት ዓመት መጨረስ፤ ሁሉም ነገር እጇ ላይ የተቀመጠ መሰላት። ምናልባት ሲስተር ወይንእሸት አጥብቃው ይሆናል፤ ሂደት ላይ ያለ ነገር ያልቃል እኮ።

ስርጉትን ያገኘቻት በማግስቱ ነው፤ ክሊኒክ ሳይሆን አንድ የጅምላ መደብር ውስጥ፣ ስኳር በላስቲክ ስትመዝን። አክስቷ ጨው ልከዋት ገብታ ነበር። ስርጉት የወይዘሮ ዘርፈሽ እንግዳ መሆኗን ስታውቅ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ጨውን ከሰጠቻት በኋላ እስከ በሩ ሸኘቻት።

"ለእቴቴ ዘርፈሽ እዚህ አየሁዋት እንዳትያቸው" አለቻት።

"አልልም። ግን ኮሌጁን ንገሪኝ፣ ልመዘገብ ነው።"

ስርጉት ወደ መደብሩ ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሁለት ዓመት ተምሬ ጋዋን ለብሼ ተመርቄያለሁ። ፎቶዬን እናቴ ከሥዕለ ማርያሟ አጠገብ ሰቅላዋለች። ሲኦሲ ልንፈተን ስንሄድ፣ ኮሌጃችሁ ለነርሲንግ አልተፈቀደለትም፣ ስማችሁም የለም አሉን። አሥራ ዘጠኝ ነበርን። ያን ቀን ከመኪና ስወርድ እናቴ ሙክት ገዝታ ጠበቀችኝ። ምን ልበላት? አለፍኩ አልኳት፣ ክሊኒክ ገባሁ አልኳት።"

"እስከ መቼ?"

"እኔ እንጃ" አለች ስርጉት፣ ወደ ሚዛኗም ተመለሰች።

ሁለተኛው ኮሌጅ ከከተማው ዳር፣ ባሕር ዛፍ መሃል ነው፤ ቆርቆሮ ክዳን ያላቸው አራት ክፍሎችና አንድ ቢሮ። ዲኗ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ዕድሜያቸውን በአዋላጅነት ያሳለፉ፣ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ወንበርም አልሳቡላት፣ ውሃም አልቀዱላት። ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ሲኦሲ ያለፉትም የወደቁትም ስም ዝርዝር ከሥሩ ተለጥፏል። የወደቁትም መለጠፋቸው ሰገነትን ገረማት።

"የምንወስደው ሠላሳ አምስት ነው" አሉ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ። "አምና መቶ ሰማንያ ሰው መጣ። ሆስፒታሉ ከዚያ በላይ ተማሪ ለልምምድ አይቀበለኝም። የጽሑፍ ፈተና አለ፣ ካለፍሽ ቃለ መጠይቅ አለ። ፈተናው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።"

አክስቷ ይኼን ሲሰሙ ተቆጡ። "ሰተት ብሎ የሚገባበት ደጅ እያለ፣ የሚያንኳኩበትን መረጥሽ?" አሉ። የስርጉትን ነገር ሰገነት መናገር አልቻለችም። 

*

ለፈተናው ስትሄድ መሪጌታን የምትጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። የኔሰው እያጉረመረመም ቢሆን ሚስቱን ፈንታነሽን ከጉንደ ወይን ላካት። ፈንታነሽ ዝምተኛ፣ ሥራ የማያታክታት ሴት ናት። ሰገነት ሁለት ጊዜ አጥባ አሳየቻት፤ ፋሻውን፣ ጓንቱን፣ የጨው ውሃውን በየተራ ደረደረችላት።

"አይዞሽ፣ ሦስት ቀን ነው" አለቻት ሰገነት።

ረቡዕ ሞጣ ገባች፣ ሐሙስ የጽሑፉን ፈተና ተፈተነች። ዓርብ ጠዋት ያለፉት ስም ሲለጠፍ ስሟ ነበረበት፤ ቃለ መጠይቁ ግን ቅዳሜ ሆነ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው ውስጥ ወሬ ተነሳ። መንገዱ ነገ ይዘጋል፣ ወደ ቢቸና የሚሄደው የመጨረሻ ሚኒባስ ይኼ ነው ተባለ። ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርክ የለም። ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቶ ረዳቱ "ጉንደ ወይን፣ ደብረ ወርቅ፣ ቢቸና" እያለ ይጣራል። ሰገነት ቦርሳዋን ይዛ በሩ ድረስ ሄደች። አንድ ቦታ ቀርቷል። እግሯን መወጣጫው ላይ አሳርፋ ቆመች።

"ትገቢያለሽ ወይስ አትገቢም?" አላት ረዳቱ።

አባባ ደህና ናቸው፣ ቁስሉ ደርቋል፣ ፈንታነሽም አለች ስትል አሰበች። መንገድ ይዘጋል ሲባል ያልተዘጋበትም ጊዜ አለ። እግሯን መለሰች። ሌላ ሴት ገባችና ሚኒባሱ ሄደ።

ቅዳሜ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ከሁለት መምህራን ጋር ተቀምጠው ጠየቋት። ለምን ነርስ መሆን እንደፈለገች ስትጠየቅ የአባቷን እግር ታሪክ ነገረቻቸው፤ እንዴት እንዳጠበች፣ ምን እንዳየች፣ መቼ መጥበብ እንደጀመረ። ሁለቱ መምህራን ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ግን እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"አሁን አባትሽን ማን ያጥባቸዋል?"

"የወንድሜ ሚስት።"

"ታውቅበታለች?"

"አሳይቻታለሁ።"

ሴትዮዋ ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም።  ሰገነት ከክፍሉ ስትወጣ እንደወደቀች እርግጠኛ ነበረች።

መንገዱ ዘጠኝ ቀን ተዘጋ። ስልክ የለም፣ መኪና የለም፣ ከቢቸና የሚመጣ ሰው የለም። በየቀኑ መናኸሪያ ትሄዳለች፣ ባዶውን ግቢ አይታ ትመለሳለች። አክስቷ "እግዜር ያውቃል" ይሏታል፤ እሷ ግን ራሷ ማወቅ ነው የምትፈልገው። በሰባተኛው ቀን የተመረጡት ስም ኮሌጁ በር ላይ ተለጠፈ። ሰገነት ሣህለ ማርያም፣ ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት። አጠገቧ የቆመች ልጅ ስሟን አይታ አቀፈቻት። ሰገነት አመሰገነቻት፤ ከዚያ የባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች።

*

በአሥረኛው ቀን በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጣ ቢቸና ገባች። ገና የግቢውን በር ስታልፍ ሸተታት። ሲስተር ወይንእሸት ያስተማረቻትን ማስታወስ አላስፈለጋትም።

ፈንታነሽ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። "አላስነኩኝም" አለች፤ ገና ሳትጠየቅ። "ዳሰስ ባደርጋቸው እንኳ ተቆጡኝ። ደርቋል፣ እኔው እፈታዋለሁ አሉ።"

መሪጌታ አልጋ ላይ ናቸው። ፊታቸው ገርጥቷል፣ ከናፍራቸው ደርቋል። እግራቸውን በነጠላ ሸፍነውታል። ሰገነት ነጠላውን ስትገልጥ አልከለከሏትም። ሁለት ጣት ጠቁሯል፤ ጥቁረቱ ወደ ውስጥ እግራቸው ወርዷል።

"አባባ፣ ለምን? አሳይቻት ነበር እኮ።"

"የልጄ ሚስት ናት" አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። "ምራቴ እግሬ ሥር ተንበርክካ መግል ስትጠርግ ልይ? አልቻልኩም፣ ልጄ። አንቺ ነገ ትመጫለሽ፣ ነገ ትመጫለሽ እያልኩ።"

በማግስቱ ኮንትራት መኪና ተይዞ በደጀን፣ በሉማሜ አድርገው ደብረ ማርቆስ ገቡ። በየኬላው ወርደው፣ ተፈትሸው፣ ጠብቀው፣ የሦስት ሰዓቱን መንገድ ቀኑን ሙሉ ሄዱበት። ሐኪሙ አይቶ ብዙ አላወራም። እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ተቆረጠ።

የኔሰው ሆስፒታል የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። አባቱን አይቶ ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ ሰገነት ተከተለችው።

"ወንድምዓለም" አለችው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደምትጠራው።

"ደስ ይበልሽ" አላት። "ኮሌጅ ገባሽ አሉ።"

ሚኒባሱ በር ላይ መቆሟን አያውቅም። ልትነግረው አፏን ከፈተችና ተወችው። ለማንም አልነገረችውም፤ ለአባቷ የነገረችውም ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

ቢቸና ሲመለሱ ለኮሌጁ ምዝገባ አምስት ቀን ቀርቶ ነበር። ሰገነት እንደማትሄድ ወስናለች። ይኼን ለመንገር ወደ ጤና ጣቢያ ብትሄድ ሲስተር ወይንእሸት ልታግባባት አልሞከረችም፤ እጇን ያዘቻት። ለአባቷ ግን ራሷ መንገር ነበረባት።

"ሞጣው ይቅርብኝ፣ አባባ። እርስዎን ማን ያነሳል፣ ማን ያስቀምጣል?"

መሪጌታ ትራሱን ተደግፈው ከወገባቸው ቀና አሉ። "የኔን እግር ወሰዱት፤ ያንቺን እግር ግን እኔ አልወስድም" አሉ። "እንዲህ ነው የምናደርገው። ዘርፈሽ ቤት ሁለት ክፍል አለ። አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለኔ።"

"ጉባኤውስ?"

 "ተማሪ እግር አለው። ሌላ መምህር ፍለጋ ይሄዳል።"

የኔሰው ይኼን ሲሰማ ከጉንደ ወይን ገስግሶ መጣ። ከአባቱ ፊት ስለነበር ድምፁን አላነሳም። "የሠላሳ ዓመት ወንበር ጥለው በስተርጅና የሰው ከተማ? አባባ፣ ሰው ምን ይላል? እኔ ቤት ይምጡ፣ ፈንታነሽ አለች" አላቸው። መሪጌታ ፈንታነሽን አመሰገኗት፣ መረቋት፤ ግን አልሄድም አሉ። ምክንያቱን ቤቱ ውስጥ የነበረ ሁሉ ያውቅ ነበርና ማንም አልጠየቃቸውም።

የሄዱ ለት ተማሪዎቻቸው እስከ መኪናው ተሸክመው አደረሷቸው። አሥራ አንድ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ስምንቱ ወደ ሌላ ጉባኤ ተበተኑ፣ ሦስቱ ትምህርቱን ትተው ወደየአገራቸው ገቡ። ሰገነት ቁጥሩን ታውቀዋለች፤ እየጠየቀች ነው ያወቀችው።

*

ሰገነት አሁን ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ጠዋት አባቷን አነሳስታ፣ መርፌያቸውን ወግታ፣ የቀረውን እግራቸውን በጣቶቻቸው መሃል ሳይቀር አይታ ነው ወደ ኮሌጅ የምትሄደው። ማክሰኞና ሐሙስ ሆስፒታል ልምምድ አላት። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ከሌሎቹ ይልቅ እሷን ይቆጧታል ይባላል። አንድ ቀን በሽተኛ ስታዘዋውር አይተው "አትሩጪ፣ የሚያሳድድሽ የለም" አሏት። 

ስርጉትን አልፎ አልፎ ታያታለች። የፎቁን ኮሌጅ ዲፕሎማ ትታ እሷ ዘንድ እንደገና ከመጀመሪያ እንድትመዘገብ ብትመክራት፣ "እናቴ ለየትኛው ምርቃት ትመጣልኛለች?" ብላ አለፈቻት። የስርጉት እናት እስከ ዛሬ አያውቁም።

የኔሰው በወር አንድ ጊዜ ጤፍ ይልካል፤ በአክስቱ ስም ነው የሚልከው። ፈንታነሽ ግን ለበዓል ስትመጣ ከሰገነት ጋር ጎን ለጎን ቁጭ ብለው ሽንኩርት ይልጣሉ። ስለዚያ አሥር ቀን አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

መሪጌታን ሞጣ ላይ የኔታ የሚላቸው ሰው የለም። ሰፈርተኛው "የዘርፈሽ ወንድም" ይላቸዋል። ከአክስቷ ቤት ደጃፍ፣ በርበሬው ከሚሰጣበት አጠገብ ወንበር ወጥቶላቸው ይውላሉ። መናኸሪያው ቅርብ ስለሆነ የረዳቶቹ ጩኸት ቀኑን ሙሉ ይሰማል። ሰገነት ስትመለስ ምን እንደተማረች ይጠይቋታል፤ የአጥንቶቹን ስም በእንግሊዝኛ ስታነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። አንዳንዴ አንዱን ስም ያስደግሟታል፤ ድምፁ ደስ ብሏቸው ይሁን ሌላ ነገር እያሰቡ ይሁን አይታወቅም።

በቅርቡ አንድ ቀን የሚኒባሱን ነገር ነገረቻቸው። በሩ ድረስ መሄዷን፣ አንድ ቦታ መኖሩን፣ እግሯን መመለሷን። መሪጌታ ሰምተው ወደ መንገዱ ማየት ቀጠሉ።

"ያን ቀን መጥተሽ ቢሆን እግሬ ይተርፍ ነበር?" አሏት በመጨረሻ።

የተማረችውን ሁሉ በልቧ አሰላች። "ምናልባት፣ አባባ" አለች። ልትዋሽላቸው አልፈለገችም።

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፀሐዩ ወደ እሳቸው ዞሮ ስለነበር ወንበሩን ወደ ጥላው እንድታዞርላቸው ጠየቋት፤ ደግፋ አነሳቻቸው።